ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት

ሶፍትዌር የሚጭን ሰው እጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዐይኑ ስልኩ ላይ ወይም ቡናው ላይ ነው፤ ጣቱ ግን ማውሱ ላይ ተቀምጦ "ኔክስት" የሚለውን ይጫናል፣ ደግሞ ይጫናል፣ ደግሞ ይጫናል። ብዙ ጊዜ ከሚያልፋቸው ገጾች በአንዱ ላይ ፕሮግራሙ የሚገባበትን ፎልደር የምታሳይ አንዲት ጠባብ መስመር አለች፤ ከሲ ድራይቭ ተነሥታ በፕሮግራም ፋይልስ በኩል እስከ ፕሮግራሙ ስም ትዘልቃለች። እኔ ይህችን መስመር ሳላነብ ማለፍ አልወድም።

ታሪክም አላትና። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ሁለት ፕሮግራም ፋይልስ አለው፤ አንደኛው ስሙ ላይ በቅንፍ "ኤክስ 86" የተጻፈበት፣ ለባለ 32 ቢቶቹ የተተወ ነው። ሞዚላ በ2017 ብሮውዘሩን ፋየርፎክስን ወደ 64 ቢት ሲያሸጋግር ታዲያ፣ በዝመና የተሻገረው ፕሮግራም ውስጡ ተለውጦም እዚያው በአሮጌው ፎልደር ውስጥ ቀረ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ 57ኛው ፋየርፎክስ መጣ፤ የድሮዎቹን አድኦኖች፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞችን፣ በሙሉ መቀበል አቆመ። እነዚያ አድኦኖች የብሮውዘሩን ሆድ ዕቃ ሳይቀር መነካካት ይችሉ ስለነበር፣ ውስጡ አንድ ነገር በተነካ ቁጥር አንዱ ወይም ሌላው ይሰበር ነበር። ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ግን ብሮውዘሩን የራሱ ያደረገችለት አንዲት ትንሽ አድኦን ለነበረችው ሰው፣ ፍጥነት ጨመረ ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? አዲስ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጨው የተቀመጠበትን ነው። እጅ ደግሞ ዜና አይሰማም፤ የአድኦኗ ቁልፍ ወደነበረችበት ጥግ ይሄዳል፣ ባዶው ላይ ትንሽ ያንዣብባል፣ ከዚያ ይመለሳል። ይህን በሰዎች ላይ ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ወደ መስመራችን ልመለስ። በ2019 ከወጣው 67ኛው ፋየርፎክስ ጀምሮ እያንዳንዱ የተጫነበት ፎልደር የራሱ ፕሮፋይል ተሰጠው። ስለዚህ አዲሱን በሌላ ፎልደር የጫነ ሰው ሲከፍተው ቡክማርኩም፣ የይለፍ ቃሉም፣ አድኦኑም የሌለበት ባዶ ብሮውዘር ሊጠብቀው ይችላል። ጠፋብኝ ብሎ ይደነግጣል እንጂ አልጠፋበትም፤ አሮጌው ፕሮፋይል ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል።

እናም ወዳጄ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያች መስመር ላይ ስትደርስ ጣትህን ያዝ አድርግ፤ የቀድሞው የት እንደተጫነ እይ፣ አድኦኖችህ አዲሱን እትም ይቀበሉ እንደሆነ አጣራ። ከዚያም በፊት ብሮውዘሩን ዝጋና ፕሮፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ዊንዶውስ ላይ ከሆንክ አፕ ዳታ፣ ሮሚንግ፣ ሞዚላ፣ ፋየርፎክስ፣ ፕሮፋይልስ እያልክ ግባ፤ አፕ ዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ መጀመሪያ የተደበቁትን እንዲያሳይህ ማድረግ አለብህ።