ላብ መስሏቸው

አባባ የጀውሃ ሰው ናቸው፤ የእኔም እትብት የተቀበረው እዚያው ነው። ከማሾ ማሳቸው ቤታቸው እስኪደርሱ ሦስት አራት ጊዜ መቀመጥ ግድ ሲሆንባቸው አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጡ። ወገባቸው ላይ የነርቭ መተላለፊያው ጠቧል። አጥንቱን ፈልፍሎ ማስፋት ለእኔ የየሳምንት ሥራ ነው።

ወገባቸውን ስከፍት ቢጫው ጅማት ከዱራው ጋር ተጣብቆ ቆየኝ። ዱራ ነርቮቹንና የሚዋኙበትን ፈሳሽ የያዘው ከረጢት ነው። ጅማቱን ስቆነጥር ከመቆንጠጫው ጫፍ ሥር ጥርት ያለ ውሃ ኩልል አለ። ቀዳዳው የስንዴ ፍሬ አያክልም። ሾልኮ ሊወጣ የቃጣውን የነርቭ ክር በእርጥብ ጥጥ ቀስ ብዬ መለስኩት፤ አብሮ ከተሰፋ እግር ያሽመደምዳል። እንደ ፀጉር በቀጠነ ክር ሰፋሁና የሰመመን ባለሙያውን «ሳንባውን ወጥረህ ያዝልኝ» አልኩት። ደረት ሲወጠር ፈሳሹም ይገፋል፤ ስፌቱ የሚያፈስ ከሆነ ያኔ ይታያል። ደረቅ ነው። ቁራጭ ስብ ደርቤ ዘጋሁ።

ይህ የማንም የወገብ ቀዶ ሐኪም እጅ ላይ ይደርሳል፤ በአዛውንት ወገብ ደግሞ ይበዛል። ጥፋቴ ከበር ውጭ ነው የጀመረው።

ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። «በሰላም አልቋል፣ አልሐምዱሊላህ በይ» አልኳት። ስለ ቀዳዳው ትንፍሽ አላልኩም። ለምን አስደነግጣታለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ እጄ ሳተ ማለት አሳፍሮኝ ነው። መውጫ ወረቀቱ ላይማ ጽፌዋለሁ፦ ኢንሲደንታል ዱሮቶሚ፣ በእንግሊዝኛ። በፌስታል ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

ጣርማ በርን በአውቶብስ ወርደው አገራቸው ገቡ። በሳምንቱ ራስ ምታት ጀመራቸው፤ ሲቀመጡ ይፈልጣቸዋል፣ ሲጋደሙ ይተዋቸዋል። ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር በ1898 እ.ኤ.አ. የራሱን ወገብ አስወግቶ ይህንኑ ቀምሶታል። ፈሳሹ ከታች ሲጎድል አንጎል የሚንሳፈፍበት ያንሰዋል። ቤት ውስጥ ግን ምች ተባለ፤ ዳማከሴ ታሽቶ ተጨመቀላቸው።

ፍራሹም ጠዋት ጠዋት ይረጥባል። ነርቮቹ የሚዋኙበት ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሁለት ስኒ ቡና ቢያክል ነው፤ በቀን የሚመረተው ግን ግማሽ ሊትር ይደርሳል። በግንቦት ጀውሃ ውስጥ ሌሊትም ጀርባ በላብ ይዘፈቃል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። ፍራሹን ፀሐይ ላይ እያሰጡ ከረሙ።

ሲመለሱ አንገታቸው ደርቋል፣ ትኩሳቱ አይነካም። ማጅራት ገትር። ደግሜ ስከፍት አንዱ ክር ዱራውን በልቶ ወጥቷል፤ የአዛውንት ዱራ እንደራሰ ወረቀት ነው። በጡንቻ ደፈንኩ፣ ፈሳሹን ለቀናት በቱቦ አስቀየስኩ፣ አንቲባዮቲኩ ቀጠለ። ነፍሳቸው ተረፈች። ግራ ጆሯቸው አልተመለሰም።

«ላብ መስሎን እኮ ነው ዶክተር፣ አፉ ይበሉን» አለችኝ ልጅቷ። እሷ እኔን!

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባባ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሰሙኝና «ያን ጊዜ ብትለን ኖሮ ጨርቁን እናየው ነበር፣ ልጄ» አሉ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ ወረቀቱን በአማርኛም እጽፋለሁ፤ ጀርባው ከረጠበ ደውሉልኝ፣ ከነስልክ ቁጥሬ። ባለፈው ማሾ ሲለቀም ጀውሃ ወርጄ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

«በቀኜ ዙር ልጄ፣ ከወዲያ አልሰማህም።»