ከደብረ ዘይት ብየዳ ቤት እስከ አሶሳ መንገድ

ደብረ ዘይት ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ውኃ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ኩሪፍቱ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብተን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ እንነዳለን። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እንበላለን፣ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ማታ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ከተማዋ በይፋ ቢሾፍቱ ብትባልም በብዙዎቻችን አፍ ላይ ዛሬም ደብረ ዘይት ናት።

ይህች የሐይቅ ከተማ ግን ከውኃው ጀርባ ሌላ መልክ አላት። የብረት ከተማም ናት። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ሰፈር እዚሁ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉ እንደ አዲስ ሲደራጅ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያ አብራሪዎችንና ቴክኒሻኖችን ያሠለጠኑት በዚህ ነበር። የጦር ተሽከርካሪዎች የሚጠገኑበትና በኋላ የከተማ አውቶቡስ የገጣጠመው ቢሾፍቱ አውቶሞቲቭም የዚህችው ከተማ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና «ቢሾፍቱ» እየተባለ የተጠራውን አውቶቡስ ያልተሳፈረ ስንት ሰው አለ? አውሮፕላንና ከባድ መኪና ሲፈታና ሲገጠም የኖረበት ከተማ ብረት የሚያውቅ እጅ አይቸግረውም። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ የብየዳው ብልጭታና የመፍጫው ጩኸት ይቀበላችኋል። በር፣ አጥር፣ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ፣ የጭነት መኪና ስፖንዳ ይሠራል። ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ የመኪና ባምፐር።

እኛም ወደዚያ የሄድነው ለባምፐር ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሥራው አሶሳ ነው፤ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ አለው። ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። በክረምት ይጨቀያል፣ ከብት በየቦታው ያቋርጣል፣ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ወረዳዎች የሚገባ መኪና ደግሞ ከታች ድንጋይ፣ ከፊት ቁጥቋጦ ያገኘዋል። ፋብሪካው የሠራለት የፕላስቲክ ባምፐር ከአንድም ሁለት ጊዜ ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቷል። ስለዚህ አንድ ጠንካራ ነገር ይሠራልኝ አለ። በአእምሮው ያለው እስከ ኮፋኖው የሚደርስ፣ ወፍራም ቧንቧ የተደረደረበት፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ነበር።

ሥራውን የያዙት አዛውንት በያጅ ብዙ አላወሩም። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው፤ የት የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚጭን፣ ከኋላ ማን እንደሚቀመጥ። ከዚያ አሮጌ ካርቶን አመጡ። የባምፐር ሥራ የሚጀምረው ከካርቶን ነው። የመኪናው አፍንጫ ላይ ካርቶኑን እየለኩ፣ እየቆረጡ፣ በፕላስተር እያያያዙ ሙሉውን ቅርጽ አወጡ። ካርቶን ሲሳሳት ዋጋው ምንም ነው፤ ላሜራ ሲሳሳት ግን ገንዘብ ነው።

በካርቶኑ ላይ የተደረገው ክርክር ከብየዳው በላይ ጊዜ ወሰደ። የመጀመሪያው ጉዳይ ክብደት ነበር። ሂሳቡ ቀላል ስለሆነ እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ብረት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 8 ኪሎ ግራም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ባምፐሩ አንድ ሜትር ተኩል ካሬ ላሜራ ቢፈጅ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት 47 ኪሎ ይመዝናል፤ ግማሽ ኩንታል ማለት ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ከተሠራ 70 ኪሎ ያልፋል። በዚህ ላይ ማያያዣው፣ ቧንቧው፣ ካስፈለገም መጎተቻ ዊንቹ ይጨመራል። ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው ከፊት ጎማ ፊት ለፊት ነው። ሸክም በእጅ አጠገብ ሲያዝና በተዘረጋ ክንድ ሲያዝ እንደሚለያይ ሁሉ፣ ከፊት የተንጠለጠለ ብረት የፊት ሞላን ከክብደቱ በላይ ይጫነዋል፣ የኋላውን ደግሞ ያቀለዋል። አፍንጫው የወረደ መኪና ፍሬን ሲያዝ የበለጠ ይደፋል፣ መብራቱም መንገዱን በሚገባ አያሳይም። አዛውንቱ ለዚህ ነው ፊቱን በ4 ሚሊ ሜትር፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘውን ብቻ በ10 ሚሊ ሜትር ይሁን ያሉት።

ሁለተኛው የቅርጹ ጉዳይ ነው። ከተማ ውስጥ የሚያምር ወደታች የወረደ ባምፐር ወንዝ ዳር ሲደርስ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች ከጎማው ፊት ወደ ላይ ተቆረጡ፤ መኪናው ዳገት ሲጀምር ጎማው ቀድሞ እንዲነካ። ለራዲያተሩ አየር ማስገቢያ ሰፊ ክፍት ቦታ ተተወ። አሶሳ ሞቃት አገር ነው፤ አየር ያጣ ሞተር ዳገት ላይ ይግላል። ፍሬቻውና የሰሌዳው ቦታም እንዳይሸፈን ተለካ።

ሦስተኛው ጉዳይ ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘ። አዛውንቱ ከኮፋኖው ፊት ሊቆም የታሰበውን የቧንቧ አጥር በእጃቸው አሳይተው፣ ከፍታው ከአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ደረት ጋር እኩል መሆኑን በመዳፋቸው ለኩት። «ልጄ፣ ይሄ ለከብት ነው ትላለህ፤ መንገዱ ላይ ግን ከከብቱ ኋላ እረኛ አለ» አሉት። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱ ግን ከብድ ይላል። የፋብሪካ ባምፐር ፕላስቲክ የሆነው ለርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ከበስተኋላው የሚጨመቅ አካል አለ፤ ግጭት ሲመጣ እየተሰባበረ ኃይሉን ይበላል፣ የሰው እግርም ከብረት ይልቅ የሚለጠጥ ነገር ያገኘዋል። የማይታጠፍ ብረት ስታስቀምጡ መኪናው ይተርፍ ይሆናል፤ ኃይሉ ግን አይጠፋም። ወይ ወደተመታው ሰው ይሄዳል፣ ወይ በሻንሲው አልፎ ወደ ተሳፋሪው ይመጣል። ኤርባግ ያለው መኪና ሲሆን ደግሞ የግጭቱን መጠን የሚያነብበው ሴንሰር በተለመደው ጊዜ ላያነብብ ይችላል።

ይህ የእኛ አገር ጭንቀት ብቻ አይደለም። ካንጋሮ በሌሊት መንገድ በሚያቋርጥባት አውስትራሊያ የብረት ባምፐር የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው። በሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው ኤ.አር.ቢ. የተባለው ድርጅት ዓለም ያወቀው በዚሁ ሥራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ ከመኪና ፊት የሚገጠም የብረት አጥር እግረኛን እንዳይጎዳ ተፈትኖ ካላለፈ እንዳይሸጥ አደረገ። ሁለቱም የየራሳቸውን መንገድ አይተው ነው የወሰኑት። የእኛ መንገድ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ እንስሳውም እግረኛውም በአንድ ጠርዝ ላይ ናቸው።

የባለቤቴ ወንድም ትንሽ አንገራገረ። ያሰበው ግርማ ሞገስ ነበር። በመጨረሻ የቧንቧው አጥር ቀረና ባምፐሩ ከመብራቱ በታች ሆነ። ጠርዞቹ ሁሉ ተከርክመው ተድበለበሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብየዳ ነው። መኪናው ላይ ከመበየዳቸው በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈቱ፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥለው ይችላል። ላሜራዎቹ መጀመሪያ በነጥብ ነጥብ ብቻ ተያያዙ። ቅርጹ ከመኪናው ጋር እኩል መሆኑ ከታየ በኋላ ባምፐሩ ወርዶ መሬት ላይ ተበየደ፤ ትንሽ እዚህ፣ ትንሽ እዚያ፣ ብረቱ ግሎ እንዳይጣመም። ሻንሲው ላይ ምንም አልተበየደም። ማያያዣው የገባው ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች በጠንካራ ቡሎን ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ 10.9 የሚል ቁጥር ያለው ቡሎን ከተራው እጅግ ይጠነክራል። የመጎተቻው ማንጠልጠያም ከወፍራሙ ማያያዣ ጋር እንጂ ከፊቱ ላሜራ ጋር አልተበየደም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና ሲጎተት የሚነቀል ማንጠልጠያ እንደ ጥይት ነው። በመጨረሻ ውኃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ከታች ተበሱ፣ አንቲረስት ተቀባ፣ ጥቁር ቀለም ተደረበ።

አሁን መንገዱ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሆለታን፣ አምቦንና ጉደርን አልፋችሁ በባኮ በኩል ነቀምቴ ትገባላችሁ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ እዚያ ማደር ይሻላል። ከነቀምቴ በኋላ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ይመጣል፣ ሹራብ ይወልቃል። ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ ጊምቢ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ ነጆ፣ መንዲ፣ ባምባሲ፣ አሶሳ። በነዚህ ከተሞች መካከል ምድሩ ቀይ ነው። በክረምት ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከመንዲ ወዲያ ቀርከሃው በየኮረብታው ይታያል።

በቅርብ ዓመታት በወለጋ በኩል ያለው ጉዞ በጸጥታ ምክንያት ሲቋረጥና ሲቀጥል ቆይቷል። ከመነሳታችሁ በፊት በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ካላረጋገጣችሁ ቤተሰብ ይዛችሁ አትውጡ። አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። የትኛውም ባምፐር የማይመክተው ነገር አለ።

አሶሳ ስትደርሱ መንገድ ዳር የምታዩት ማንጎ ነው። ጥላው ሥር ሰው ያወራል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ በወቅቱ ፍሬው በየቅርጫቱ ይሸጣል። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው፤ ከወሎና ከሌላም አካባቢ በሠፈራ የመጡ ቤተሰቦችም ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ አይተውበታል። በአንድ ገበያ ውስጥ ሦስት አራት ቋንቋ መስማት ብርቅ አይደለም። ቀርከሃው አጥር ይሆናል፣ ቤት ይሆናል፣ ወንበር ይሆናል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ የቆመው በዚሁ ክልል በጉባ ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ባምፐሩ ዓመት ሊሞላው ነው። ድንጋይ ፍቆታል፣ ቁጥቋጦ ቧጭሮታል፤ የፕላስቲኩ ዕጣ ግን አልደረሰበትም። ሁለቴ ከጭቃ ተጎትቶበታል፣ አንዴ ደግሞ ሌላ መኪና ጎትቷል። የባለቤቴ ወንድም ግን ከብረቱ ይበልጥ የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ያልፋል፤ እግሩ ፍሬን እስኪነካ ድረስ ማለት ነው። ስለዚህ በቀትርና በማታ፣ ትምህርት ቤት በሚለቅበት ሰዓት፣ መንደር ሲደርስ ቀስ ይላል። ሌሊት አይነዳም።

እናንተም ልታሠሩ ካሰባችሁ፣ ወደ ብየዳ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁንና ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርገውን ክፍል ጠይቁ። መኪናችሁ ከከተማ የማይወጣ ከሆነ የፋብሪካው ይበቃችኋል፤ ለጎረቤት መታያ ብላችሁ የፊት ሞላችሁን አታድክሙ። የምትወጡ ከሆነ ደግሞ በያጃችሁን የብረቱን ውፍረት ብቻ አትጠይቁት። በምን እንደሚያያዝ፣ ጠርዙ ምን እንደሚመስል፣ ከመብራቱ በላይ ምን እንደሚቆም ጠይቁት። እሱም መልሶ የት እንደምትሄዱ ከጠየቃችሁ ደግ በያጅ አግኝታችኋል።

በባምባሲና በአሶሳ መካከል ማለዳ ላይ ደብተራቸውን ይዘው በመንገዱ ጠርዝ በሰልፍ የሚሄዱ ልጆች አሉ። መኪና ሲሰሙ ዞር ብለው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ባምፐር ሲሠራ መለካት ያለበት በእነሱ ቁመት ነው።