ሰሪዎቹን ያየሁባት ከተማ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከቤይጂንግ ተነሥተው ሺያንን ለማየት ቢያስቡ፣ መንገዱ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብለው አይፍሩ። ፈጣኑ ባቡር በአምስት ሰዓት ገደማ ያደርስዎታል። እኔም ማልጄ ተሳፍሬ ለምሳ ደረስሁ።

ከተማይቱን የከበበው የሚንግ ነገሥታት ግንብ ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከላዩ ላይ ሰው በብስክሌት ይዞርበታል። የሄድሁት ግን ገበሬዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙትን የሸክላ ሠራዊት ለማየት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ዓመት ቻይናን አንድ ያደረገው ንጉሥ ቺን ሺ ሁዋንግ መቃብሩን እንዲጠብቁለት ያሠራቸው ናቸው። በሺሕ ይቆጠራሉ፤ መልካቸውም ልዩ ልዩ ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ንጉሡን ላደንቅ ሄጄ ሸክላ ሠሪዎቹን ሳስብ ተመለስሁ። በአንዳንዶቹ ወታደሮች አካል ላይ የሠሪው ስም ተቀርጿል። ይኸውም ለክብር ሳይሆን፣ ሥራው ቢበላሽ ተጠያቂው እንዲታወቅ ነበር። ዛሬ ግን ያንኑ ስም የሚያነብ ሁሉ ያመሰግንበታል።

በመመለሻው ባቡር ላይ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እኔም በክፍሌ ውስጥ የተማሪን ስም ጮክ ብዬ የምጠራው ባጠፋ ጊዜ ነው። እርስዎስ፣ አንባቢዬ፣ በመሥሪያ ቤትዎ የባልደረባዎን ስም የሚያነሡት መቼ ነው?