ቡቺ የበላው ጭንቅላት

ቡቺን የማያውቅ የቀበሌያችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ቡችላ ሳለ ከጣቢያው እስከ ላይኛው ጎጥ ያለውን አቀበት እያስከተልኩ አለማመድኩት፤ መጀመሪያ በገመድ፣ በኋላ ያለ ገመድ። በግ ሲያይ እንዳይሮጥ ማስተማሩ ብቻ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አሁን መንጋ መሃል ስናልፍ ዞር ብሎም አያይ። በዚህ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ግን ገደል ሥር የተጣለ የበግ ጭንቅላት አግኝቶ ሲቆረጥም ዝም አልኩት። ደክሞታል፣ ይብላ ብዬ። "አትጣሉ" እያልኩ የማስተምራችሁ እኔው! በጉ በአዙሪት የሞተ መሆኑን ማታ ባለቤቱ ነገሩኝ።

አዙሪት የያዘው በግ አንጎል ውስጥ ውሃ የቋጠረ ፊኛ አለ፤ እሱ የውሻ የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻ ጭንቅላቱን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ግጦሽ ላይ ይወድቃል፣ ሌላው በግ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። እኔና ቡቺ ደግሞ በቀን የስንቶቻችሁን ግጦሽ እናቋርጣለን!

ደግነቱ ትሉ እንቁላል ለመጣል ሳምንታት ይፈጅበታል። በማግስቱ ክሊኒክ ወስጄ ፕራዚኳንቴል አሰጠሁት፣ አስሬም ዓይነ ምድሩን ቀበርኩ። እናንተም ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ስትሄዱ የትል መድኃኒቱን አብራችሁ ጠይቁ።

ጭንቅላቱን አቃጥሉት፣ ካልሆነም በጥልቁ ቅበሩና ድንጋይ ጫኑበት። ከቡቺ ቀምቼ የቀበርኩትን ትራፊ፣ ጉድጓዱ አንሶ ነው መሰል፣ ሌሊት ሌላ ውሻ አውጥቶት አደረ።