ማንንም የማላስብባቸው ሰዓታት

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ቁጣዬን ነግሬአቸዋለሁ፣ ስስቴን ነግሬአቸዋለሁ። ይህን ግን እየዞርኩት ቆይቻለሁ። መናገር ያቃተኝ «ተው» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ካርቡራተር ፈትቼ በምሠራባቸው ሰዓታት ማንንም አላስብም። ሰውንም፣ እግዚአብሔርንም፣ አገሬንም አላስብም። ወደዚያ ሥራ የምሄደውም ይህ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው።

መኪናዋ ላንድሮቨር ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 ከተመረተው ከሲሪስ ቱ ኤ ዘር፣ ባለ አራት ፒስተን፣ 2286 ሲሲ፣ ቤንዚን። በልጅነቴ ቀያሹም ሐኪሙም ወደ ገጠር ሲወጣ ያየሁት በእንዲህ ዓይነቷ ነው። አሁን በኢየሩሳሌም፣ ታልፒዮት ከሚባለው የጋራዥ ሰፈር በተከራየሁት ጥግ ቆማለች። ቀን የምሠራባቸው የደንበኛ መኪኖች ሕመማቸውን ለኮምፒውተር ይናገራሉ፤ እኔ ኮዱን አንብቤ ዕቃ እቀይራለሁ፣ እንጀራዬም ከዚያ ነው። ይህቺ ግን ኮድ የላትም። የሚሰማት ጆሮ፣ የሚያያት ዓይንና የሚያሸታት አፍንጫ ያስፈልጋታል።

ሳገኛት ጥቁር ጭስ ታወጣ ነበር። ካንዴላዎቿን ብፈታ ጥላሸት ለብሰው፣ በቤንዚን ርሰው አገኘኋቸው። ጠዋት ትነሣለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ሚኒሞዋ፣ ቆማ ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞርበት ፍጥነት፣ ይዋዥቅና ትጠፋለች። ይህን ያየ ሁሉ ካርቡራተሩን ይወቅሳል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው «እጅህን ካርቡራተር ላይ ከመስደድህ በፊት ዲስትሪቡተሩን እይ» ይሉኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ በካርቡራተር የሚሳበበው ጥፋት የእሳቱ ነውና። አየሁት፤ እሳቱ ደህና ነበር። ስለዚህ ካርቡራተሩን አወረድኩት።

ዜኒት 36 አይቪ ይባላል፤ የታወቀ ሕመም አለው። ክዳኑና ከሥሩ ያለው ክፍል የሚጋጠሙበት ፊት በዕድሜ፣ በሙቀትና ብሎን አጥብቆ በሚያስር እጅ ብዛት ይጣመማል። እንዲሁ በዓይን አይለይም። ወፍራም መስታወት ላይ አስቀምጠው ጥግ ጥጉን በጣት ሲጫኑት ቅንጣት ታህል ሲንቀሳቀስ ነው የሚታወቀው። ቤንዚኑ በዚያች ክፍተት ሳይለካ ሾልኮ ይገባል። በውስጡ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበትም ስትደርቅ እንደዚሁ ታደርጋለች። የካርቡራተር ሥራ ቤንዚንን ከአየር ጋር በልክ መቀላቀል ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ቤንዚኑ ከዚያ ሲበዛ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ሚኒሞው ይታፈናል። ያየሁት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የምጠፋው። በመስታወቱ ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እዘረጋና ያንን ፊት በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ ሳልጫን፣ በዝግታ አሸዋለሁ። ወረቀቱ የደረሰበት ያበራል፣ ያልደረሰበት ደብዝዞ ይቀራል። ጠርጌ አያለሁ፤ እንደገና አሻለሁ፤ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እስኪያበራ። ቤንዚኑን የሚለኩት ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎኖች በሽቦ አይወጉም፤ ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው በትንሹም ከሰፋ ልኩ ጠፋ። በቤንዚን አጥቤ፣ በኮምፕሬሰር ነፍቼ፣ አንድ በአንድ ወደ አምፖሉ አንሥቼ በቀዳዳቸው ውስጥ ብርሃን አያለሁ። ተንሳፋፊዋን አራግፌ በውስጧ ቤንዚን ገብቶ እንደሆነ አዳምጣለሁ። አዲስ ጋስኬት፣ አዲስ የጎማ ቀለበት። ብሎኖቹን በመስቀል አቅጣጫ፣ ጥቂት ጥቂት። ቀና ስል መሽቷል። የት እንደነበርኩ ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም።

የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ። እዚያ ከባሕር ወለል የአየር ግፊት ሩብ ያህሉ የለም፤ ለባሕር ዳርቻ የተለካ ካርቡራተር ሽቅብ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል። መምህሬ ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም፤ ከጭሱ ቀለምና ከካንዴላው ፊት ያውቁት ነበር፣ ቀዳዳውንም በአንድ ደረጃ አሳንሰው ይተኩ ነበር። ኢየሩሳሌም 800 ሜትር ገደማ ናት። ከዚህ ወደ ኢያሪኮ፣ የእኛም ገዳም ወዳለበት አገር ሲወርዱ፣ መንገዱ ከባሕር ወለል በታች ይገባል፤ የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ወለል 430 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አየሩ እዚያ ከአዲስ አበባው እጅግ ይወፍራል። ያንን ቁልቁለት ሳስብ የማስበው ጌታችን ስለተጠመቀበት ዮርዳኖስ መሆን ነበረበት። የማስበው ግን ከታች ስትደርስ ቅልቅሉ ምን ያህል ይቀጥን ይሆን እያልኩ ነው።

በቤተ ክርስቲያንም ይህ ይከተለኛል። ከነቢያት ጎዳና፣ የአንበሳ ሥዕል በሞዛይክ ካለበት ከድሮው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሕንጻ አጠገብ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ እታጠፋለሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በሁለት በኩል የድንጋይ አጥር። ከደጁ አናት ላይ አንበሶች ተቀርጸዋል፤ ከውስጥ ክቡ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ከነጉልላቱ ይታያል። ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩትን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመውን ይህን ሕንጻ ሳይ ልቤ በምስጋና መሞላት ሲገባው፣ በቅዳሴው መካከል ሌላ ስሌት ይዞኝ ይሄዳል፦ ሃንጋሪያውያኑ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የካርቡራተር ፓተንታቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ እነዚህ ድንጋዮች በሚጠረቡበት ዘመን ማለት ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል እኔ ቡዳፔስት ነኝ።

ራሴን ለማጽደቅ ብዙ ሞክሬአለሁ። መነኮሳት ተግባረ እድ አላቸው፤ ሰሌን ይሠራሉ፣ ይፈትላሉ፣ አትክልት ይኮተኩታሉ፤ ሥራቸው ከጸሎት አይለይም። የእኔስ ለምን እንደዚያ አይቆጠርም ብዬ ነበር። አይቆጠርም። መነኩሴው እጁ ሲሠራ አፉ ዳዊት ይደግማል፣ ለዓለም ሁሉ ይለምናል። እኔ እጄ ሲሠራ ዓለም ሁሉ ዝም ይልልኛል፤ የምወደውም ይህንኑ ዝምታ ነው።

ከምን እንደምሸሽ አውቃለሁ። ታላቅ እህቴ ምሥራቅ ጎጃም ናት። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት አለ፤ ኢንተርኔቱ ለወራት ተቋርጦ ነበር፣ ስልኩ ይመጣል ይሄዳል። ሲገኝ የምሰማው መንገድ መዘጋቱን፣ ትምህርት ቤት መዘጋቱን፣ የጎረቤት ልጅ አለመመለሱን ነው። ለዚያ ሁሉ ምክንያት የሚሰጠኝ ሰው አላጣም፤ ሁሉም የየራሱ አለው። እኔ ግን በጣቴ ተጭኜ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው የተጣመመው» ልለው የምችለው ነገር የለም። ካርቡራተሩ ላይ አለ። ጥፋቱ ቦታ አለው፣ በትዕግሥት ይገኛል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይቃናል። ይህን አንድ ጊዜ የቀመሰ ልብ ወደ ሌላው ሐዘን መመለስ ይከብደዋል። ስለዚህ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ እተወዋለሁ። ስትደውል አላየሁም እላለሁ፤ እውነት ነው አላየሁም፤ እንዳላይ ግን አድርጌአለሁ።

በቅርቡ አንድ ምሽት እጄን እየታጠብኩ ሳለ ደወለች፣ አነሣሁት። ዜናውን ነገረችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን።

«አንተስ ምን እየሠራህ ነው ወንድም ዓለም?» አለችኝ።

አፈርኩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለእርሷ ስለ አሮጌ ላንድሮቨር መናገር ነውር መሰለኝ። ግን አልዋሸኋትም። «መኪና እየሠራሁ ነው እታለም፤ ካርቡራተሯ ታሞ» አልኳት።

«ምን ሆኖ?»

ስለ መጣመሙ ነገርኳት። «ከዚያስ?» አለች። ስለ ማሸቱ ነገርኳት። «ከዚያስ?» ስለ ሚኒሞው ነገርኳት፦ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ እንደማይነካ፤ የቅልቅሉን ብሎን በካቻቢቴ፣ ሳያስጨንቁ፣ መጨረሻው ድረስ ወደ ውስጥ አዙሮ አንድ ዙር ተኩል ያህል መመለስ መነሻው እንደሆነ፤ ከዚያ በሩብ በሩብ እየከፈቱ ሞተሩ የሚፈጥንበትንና የሚለሰልስበትን ቦታ በጆሮ እንደሚፈልጉ፤ ሲገኝ ፍጥነቱን በሌላኛው ብሎን ዝቅ አድርጎ እንደገና ወደ መጀመሪያው እንደሚመለሱ። መኪና ነድታ የማታውቅ ሴት ናት። አንዱንም አላቋረጠችኝም። ሳበቃ «አሁን ደህና ትሠራለች?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በድምፅዋ ውስጥ በእውነት ማወቅ መፈለግ ነበረበት። «ደህና ትሠራለች» አልኳት። «ተመስገን» አለች።

ያንን «ተመስገን» ስመረምረው ሰነበትኩ። ለብቻዬ የደበቅሁት እረፍት ለእርሷም ያስፈልጋት ኖሯል። ከእርሷ የሸሸሁበትን ነገር ይዤላት ብሄድ ኖሮ ትቀበለኝ ነበር። ኃጢአቴ ሥራውን መውደዴ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን በሩን ከውስጥ መዝጋቴ ይመስለኛል። ይህም ራስን የማጽደቂያ ሌላ ዘዴ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ለዚህ ነው ብቻዬን መፍረድ የማልፈልገው።

በ16 ለኪዳነ ምሕረት ስሄድ ለንስሐ አባቴ እንዲህ እላቸዋለሁ። አባታችን፣ ሥራውን እተዋለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ ብገባ አልጠብቀውም። በቅዳሴ ልቤ እንዳይሄድ የሚያዙኝን ቀኖና እቀበላለሁ። ከአሁን ጀምሮ ግን ስልኩ ከኮቴ ኪስ ወጥቶ፣ ድምፁ ተከፍቶ፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጣል። ስትደውልም፣ እጄ ቤንዚን ቢሆንም፣ አነሣዋለሁ።