እንግሊዝኛ «አንተ» ሲል

እንግሊዝኛም እንደ አማርኛ አንተንና እርስዎን የሚለይበት ዘመን ነበረው። ዛሬ ለንጉሥም ለሎሌም፣ ለአንዱም ለብዙውም የቀረችው «ዩ» ብቻ ናት፤ ቀድሞ ግን «ዛው» የምትባል ቃል ነበረች፤ ፍቺዋም አንተ ወይም አንቺ ነው። ከጀርመንኛው «ዱ» እና ከላቲኑ «ቱ» ጋር የአንድ ዘር ልጅ ናት። ጥንታዊው እንግሊዝኛ እንዲያውም «ሁለታችሁ» ለማለት ብቻ የሚያገለግል «ይት» የሚል ተውላጠ ስም ነበረው። (ለባልና ሚስት እንዴት ያለ ቃል ነበር!)

«ዩ» ግን የብዙዎች መጠሪያ ነበረች። በ13ኛው መቶ ዘመን ገደማ የፈረንሳይኛን ልማድ ተከትላ ለአንድ ትልቅ ሰውም ትነገር ጀመር። አንዱን እንደ ብዙ ቈጥሮ ማክበር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ዛው» ለልጅ፣ ለሎሌና ለወዳጅ ቀረች፤ ሲብስም መናቂያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1603 ሰር ዋልተር ራሊ በአገር ክህደት ተከሶ ችሎት ፊት በቆመ ጊዜ፣ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኩክ ሊያዋርደው ሲሻ «ዛው» እያለ ጠራው። በዚያው መቶ ዘመን ክዌከሮች የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው ብለው ባለሥልጣኑንም ጌታውንም «ዛው» ቢሉ ስድብና ዱላ አተረፉ።

የሚያስገርመው፣ ዛሬ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ዛው»ን የአክብሮት ቃል አድርጎ መስማቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን በእርሷ ይጠራልና፣ ቃሏ የጸሎት ሽታ ያዘች። እኛ በዚህ አንደናገርም፤ ሽማግሌን እርስዎ፣ ፈጣሪን አንተ የምንል ሰዎች ነን።

ይህን ሁሉ የምመረምረው ለጨዋታ አይደለም። አባቴ ገና ሳይጋቡ ለእናቴ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች፣ አሜሪካ ተወልዳ አማርኛ ማንበብ ለማትችለው የእኅቴ ልጅ እየተረጐምሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ደብዳቤዎች እናቴን «እርስዎ» ይላታል። በሰባተኛው ላይ፣ ስለ ዝናቡ እያወራ ሳለ፣ ድንገት «አንቺ» አላት። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም፤ ዝናቡም ያው ዝናብ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱም «ዩ» ናቸውና ያ ድፍረት ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። «ዛው» ብዬ ባስገባ ደግሞ ልጅቱ አያቷ ሲጸልይ እንጂ ሲያፈቅር አትሰማውም።

በመጨረሻ በእንግሊዝኛው መካከል «አንቺ»ን በፊደላችን እንዳለች ጽፌ አለፍሁ። አሁን ስምንተኛው ላይ ነኝ።