ሶማሌ ተራ፤ ያረጀ ሞተር የሚመዘንበት ሰፈር

መርካቶን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖም የት እንደደረሰ ይናገራል። እህል በረንዳ ጤፍና አቧራ፣ ሸማ ተራ አዲስ ጥጥ ይሸታል። ሶማሌ ተራ የሚቀበላችሁ ግን በተቃጠለ ዘይት፣ በቤንዚንና በተሞረደ ብረት ሽታ ነው። መሬቱ ጠቁሯል። በክረምት ኩሬው ላይ የዘይት ቀስተ ደመና ይንሳፈፋል። የመኪና በሮች በግራና በቀኝ እንደ መጽሐፍ ተደርድረው ቆመዋል፣ የፊት መብራቶች ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል፣ አንድ ተሸካሚ ሙሉ ካምቢዮ ትከሻው ላይ አድርጎ “ዞር በሉ!” እያለ በመሃላችሁ ያልፋል።

“ማዘር፣ ምን ጠፋ? ቪትዝ ነው?” ይሉኛል በር ላይ የቆሙት ወጣቶች። “ዲኤክስ” ስላቸው ፊታቸው ይለወጣል። “ኧረ! እሷ ገና አለች እንዴ?”

አለች። ቶዮታ ይህን የኮሮላ ትውልድ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የእኛዋ የአባቴ ነበረች። ዛሬ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ እናቴን በወር ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ትወስዳለች፣ በፋሲካ ደግሞ ደብረ ብርሃን ደርሳ ትመለሳለች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ዘይት መብላት ጀመረች። በመጀመሪያ በወር ግማሽ ሊትር ነበር፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሊትር ሆነ። ጠዋት ስትነሳ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ይሞላል። ዳገት ላይ ሚኒባሶች ጥሩምባ እየነፉ ያልፉናል። ባለቤቴ “እንሽጣት” አለ። እኔ “እናሠራት” አልኩ። ሁለታችንም ዓይናችንን የጣልነው አንድ ገንዘብ ላይ ነበር፤ ለሁለተኛዋ ልጃችን የመጪው ዓመት ትምህርት ቤት ክፍያ ብለን ያስቀመጥነው ላይ።

እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ሶማሌ ተራ ከመውረድ በፊት ሰፈር ውስጥ ማለቅ ያለበት ክፍል አለው። መርካቶ የሚሸጥላችሁ ዕቃ ነው፤ ምርመራ አይሸጥላችሁም።

ሰፈራችን ያለውን መካኒክ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከኢጣሊያኖች ጋር የሠሩ አዛውንት ዘንድ ያደጉ ናቸውና ንግግራቸው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። እኛም ብንሆን ሳናውቀው እንዲሁ ነን። ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ፣ ቴስታታ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው፤ መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ገበያ ማለት ነው። ፒስተኑን ከበው ዘይት ወደ ላይ እንዳይወጣ፣ ጉልበት ወደ ታች እንዳያመልጥ የሚይዙት ቀለበቶች በጋራዥ ቋንቋ “ፋሻ” ይባላሉ። ትንሿ ልጄ ይህን ስትሰማ “መኪናዋ ቆስላለች?” ብላ ጠየቀች። ጋሼ ሳይስቁ “ውስጧን ነው ልጄ” አሏት።

የመጀመሪያ ትዕዛዛቸው ያልጠበቅሁት ነበር፤ “እንጦጦ ውጪና ተመለሺ።” ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ዳገት ሞተርን ያስጨንቃል። እየወጣችሁ ሳላችሁ፣ ቤንዚን እንደረገጣችሁ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ሳይቋረጥ ከተከተላችሁ ጥርጣሬው ፋሻና ሲሊንደር ላይ ነው። ስትወርዱ ደግሞ እግራችሁን ከቤንዚን አንሥታችሁ በማርሽ ብቻ ውረዱ፤ ታች ደርሳችሁ ቤንዚን ስትረግጡ አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ የሚወጣ ጭስ ካለ ዘይቱ የሚገባው ከላይ፣ በቫልቭ ጎሚኒዎች በኩል ነው። የጎሚኒ ጥገና ከሞተር ማውረድ ጋር ሲነጻጸር የኪስ ገንዘብ ነው፤ ይህን ሳያጣሩ ሙሉ ሞተር ያወረዱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ነጭ ሆኖ የማይጠፋ ጭስ የውኃ ነገር ነው፤ ጥቁር ጭስ ደግሞ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፣ ካርቡራተር ይታያል። የእኛዋ በመውጣትም በመውረድም ሰማያዊ አጨሰች።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን መለካት ነው። አራቱ ካንዴላዎች ይወጣሉ፣ መለኪያው በየተራ በቀዳዳዎቹ ይታሰራል፣ ሞተሩ በሞተሪኖ ይሽከረከራል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እንኳ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዚህ አይሰጥም። መጽሐፉን ይዞ “ሞተርሽ ሞቷል” የሚላችሁ ሰው ወይ ይህን አያውቅም፣ ወይ ሥራ ፈልጓል። መታየት ያለበት በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የእኛዋ በኪሎ 8፣ 7፣ 5 እና 7 አሳየች። ጋሼ 5 ያሳየው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ለኩ፤ ወደ 7 ተኩል ዘለለ። ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለደፈነ ነው የጨመረው። ባይጨምር ኖሮ ጥፋቱ የቫልቭ ይሆን ነበር። “ፋሻው አልቋል” አሉ እጃቸውን እየጠረጉ። “ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደተበላ ግን ካልተከፈተ አይታወቅም።”

አሁን ወደ ሶማሌ ተራ መውረድ ይቻላል።

ባለቤቴ የመጣው ለሌላ ሐሳብ ነበር። ሞተሯን ከማሳደስ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ገዝተን ብንቀይርስ? እነዚህ ሞተሮች በሱቆቹ ጓሮ በዕንጨት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹ ታጥበው ያበራሉ። ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “በአላህ፣ እንደገባ ነው!” ይላችኋል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ያልተነሣ ሞተር አፍ የለውም። ካንዴላውን አስወጥቶ ማየት፣ የዘይት መክፈቻው ሥር ጥቁር አተላ መኖሩን መመልከት፣ በእጅ አዙሮ መሞከር ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈው እምነት ነው። ደግሞም ወረቀት አለ። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው። ሞተር ስትቀይሩ ቁጥሩም መቀየር አለበት፤ ለዚያ የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሌለው ሞተር በቦሎ ጊዜ ራስ ምታት ይሆናል። በከተማው የታወቀ ቀልድ አለ፤ ማታ ከመኪናህ የተነቀለውን ስፖኪዮ ጠዋት ሶማሌ ተራ መልሰህ ትገዛለህ ይላሉ። ስፖኪዮ ላይ ይሳቃል፣ ሞተር ላይ ግን አይሳቅም። እዚህ ለዓመታት የቆዩ ነጋዴዎች ወረቀት ስትጠይቋቸው አይቆጡም። የተቆጣውን ትታችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

መሸጥስ? ይህን ጉዳይ አንድ ቀን ሙሉ አስበንበታል። ዲኤክስን ጭስ እያጨሰች የሚገዛ ሰው የሞተሩን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሶ ነው የሚያስበው። በምትኩ የምንገዛው ደግሞ የት አለ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። አገር ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ፣ ያረጀውም ጭምር፣ ዋጋው ወደ ላይ ሄደ። የኤሌክትሪክ መኪና ግቢ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ለሚችልና ከከተማ ብዙ ለማይወጣ ቤተሰብ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ገዝተው ደስተኞች ናቸው። የእኛ ገንዘብ ግን የእሱን ሩብ አይሞላም።

ስለዚህ ጥያቄው “ሞተሩ ይታደስ ወይ?” ከሚለው ወደ “ይህች መኪና ሞተር ይገባታል ወይ?” ተለወጠ። ጋሼ በዚህ ጥብቅ ነበሩ። መኪናዋን አንሥተው ከሥር በመብራት አዩ፤ ሻንሲው ዝጓል ወይ? ካምቢዮው ይጮሃል ወይ? ፍሪሲዮኑስ? መሪው? በዝገት የተበላ አካል ላይ አዲስ ሞተር መግጠም፣ በእሳቸው አባባል፣ ለሚፈርስ ቤት አዲስ በር መግዛት ነው። የእኛዋ ወለል ላይ አንዲት ትንሽ ዝገት ብቻ ተገኘች። የአባቴ ጠባይ ነው፤ ከክረምት መንገድ በመጣ ቁጥር ከሥር ያጥባት ነበር።

ቴስታታው ሲነሣ ባለቤቴም እኔም አንገታችንን አስግገን ነበር። ጋሼ የፒስተኑን አናት በጨርቅ ጠርገው ጥቁሩን ሲያስወግዱ አንዲት የተቀረጸች ቁጥር ታየች፤ 50። ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለችም። ሲሊንደር ሲበላ በማሽን ይሰፋና በዚያው ልክ ወፍራም ፒስተን ይገባለታል። ደረጃዎቹ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ናቸው፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ። ስለዚህ ሞተራችን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ወርዷል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፍቷል፤ ከፊቱ የቀሩት 75 እና 100 ብቻ ናቸው። አባቴ ይህን ነግሮን አያውቅም። መቼ እንዳሠራት፣ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣ እናቴም አታስታውስም።

እዚህ ላይ “ፋሻ ብቻ ቀይሩና ሂዱ” የሚል ርካሽ ምክር ብዙ ነው። ሲሊንደሩ ክብ ሆኖ ከቀረ ይሠራል። የእኛው ሲለካ ከላይ ሰፍቶ፣ ሞላላ ሆኖ ተገኘ። በሞላላ ጉድጓድ ውስጥ አዲስ ክብ ቀለበት ጥቂት ወራት ያገለግላል፣ ከዚያ ጭሱ ይመለሳል፣ የመፍቻ ገንዘብም ሁለተኛ ይከፈላል። ወይ እስከ 75 ሙሉ ሥራ፣ ወይ ሽያጭ። ማታ እራት ላይ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። የሁለት ልጆች ሰርቪስ ለአንድ ዓመትና የእናቴ የራይድ ክፍያ ሲደመር ከሞተሩ ወጪ በለጠ። ባለቤቴ ቁጥሩን ሁለቴ ደምሮ “እሺ” አለ። የትምህርት ቤቱ ክፍያ በሁለት ጊዜ እንዲሆንልን ልንጠይቅ ተስማማን።

ሶማሌ ተራ ሁለተኛ ስንሄድ ዝርዝር ይዘን ነበር፤ 75 ፒስተን ከነፋሻው፣ ብሮንዚን፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ፓምፕ፣ የታይሚንግ ካቴና። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማመን አይበቃም። ጋሼ ፒስተኖቹን እዚያው በማይክሮሜትር ለኩ፣ አራቱን በእጃቸው መዘኑ፣ አንዱን ስብስብ መለሱ፣ ሦስተኛ ሱቅ ላይ ረኩ። ዋጋው ላይ ክርክሩ የእኔ ሥራ ነበር፤ ሻይ ተጠጣ፣ ሁለቴ ወጥቼ ሄድኩ፣ ሁለቴ ተጠራሁ።

ሲሊንደር የሚሰፋበት ቤት ባለሙያው ፒስተኑ በእጁ ሳይገባ ማሽን አያስነሣም። ልክ ነው። ማስፋቱ የሚደረገው በተገዛው ፒስተን ልክ እንጂ በካርቶኑ ቁጥር አይደለም። ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበርና መቁረጫው ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ግራጫ ብናኝ ሲረግፍ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ዘይት የሚይዙ የተሻገሩ ጭረቶች ሲሣሉ አፋቸውን ከፍተው አዩ። ትልቁ ልጅ ቁጥሩን ጠየቀ። “75” አለው ባለሙያው፣ “ቀጣዩ 100 ነው። ያኔ አንተ ታመጣታለህ።”

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ያለው ጊዜ የትዕግሥት ነው። የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር አለመጫን፣ በአንድ ፍጥነት ለረዥም ሰዓት አለመንዳት፣ ፍጥነትን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አዲሱ ፋሻ ከግድግዳው ጋር እንዲላመድ መተው። ለዚህ የፈጣኑ መንገድ አይመችም፤ በአሮጌው መንገድ በዱከም በኩል ቢሾፍቱ ደርሰን መጣን። ሆራ ሐይቅ ዳር ልጆቹ ዓሣ በሉ፣ እናቴ ከኋላ ወንበር አልወርድም ብላ መስኮቱን ከፍታ ተቀመጠች። ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ሲወርድ መኪናዋ ትንፋሽ ያገኘች መሰለች። ስንመለስ፣ አቃቂን አልፈን ወደ ቃሊቲ ስንወጣ፣ ባለቤቴ ሳያውቀው ስፖኪዮውን ደጋግሞ ያይ ነበር።

1,000 ሲሞላ የመጀመሪያው ዘይት ተቀየረ። ጋሼ የወጣውን ዘይት በሁለት ጣታቸው መካከል አሽተው ወደ ፀሐይ ያዙት። ደቃቅ ብር የመሰለ ነገር ያብረቀርቅበታል። “ይህ የመላመዱ ነው” አሉ። “የሚቀጥለው ላይ ካየሁት ግን እንነጋገራለን።”